ሌባ ጣት በዕብራይስጥ

በደብተሮቼ ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ ቃል አንድ ብቻ ነው። ሦስት ደብተር አለኝ፤ ሦስቱንም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሞላሁት እኔ ነኝ። በግራ አማርኛው፣ በቀኝ ዕብራይስጡ። አስተማሪ አልነበረኝም። ፊደል የቆጠርሁት ጎንደር ገጠር ውስጥ፣ የአንጥረኛ ልጅ ሆኜ፣ ባለሱቅ ስኳር ከሚጠቀልልበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው። ዕብራይስጡንም እንዲሁ ከመድኃኒት ካርቶን፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያ፣ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ እየለቀምሁ ተማርሁት። እኩዮቼ በቋንቋ ትምህርት ቤቱ ወንበር ላይ ሲያንቀላፉ እኔ ቀድሜያቸው ሄጃለሁ። በሁለት ሺዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ እስራኤል ውስጥ፣ አፉላ ኢሊት በሚባል ሰፈር እኛ በምንኖርበት ሕንጻ፣ በእኔ ዕድሜ ዕብራይስጥ አንብቦ የሚጽፍ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድ ጣት ይበቃ ነበር።

ቋንቋውን ብቻ አይደለም፤ የእጃቸውንም ንግግር ቀድሜ ያወቅሁ እኔ ነኝ። እንደመጣን ሰሞን፣ ባረፍንበት ሆቴል ጸሐፊዋ አምስት ጣቷን ሰብስባ ወደ ላይ አድርጋ ስትወዘውዝብን፣ ሰዉ ሁሉ ልታጎርሰን ነው ብሎ አፉን ሊከፍት ምንም አልቀረው። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም «እጄን ልታጠብ» ብለው ተነሥተዋል። ሴትዮዋ «ሬጋ» ማለቷ ነበር፤ ቆዩ፣ ታገሡ ማለቷ። ለሰዉ የነገርሁት እኔ ነኝ። አንዷን ጣት ወደ ላይ አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ ሲጠሩን የተቀየመውን ሁሉ ያረጋጋሁትም እኔ ነኝ። እኛ ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ መሬት ደፍተን ነው፤ እንደነሱ ቢጠሩት አገር ቤት ውሻም አይመጣም። «ንቀት አይደለም፤ ልማዳቸው ነው» እያልሁ በጡረተኞቹ ክበብ ሌባ ጣቴን አንሥቼ ሳስተምር፣ ሰዉ እንደ መምህር ይሰማኝ ነበር። በሬም ከጠዋት እስከ ማታ ይንኳኳ ነበር፤ ሁሉም ደብዳቤውን ይዞ።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ባልንጀራዬ ይኖራል። የአንድ አገር ልጆች ነን፤ በአንድ አውሮፕላን መጣን። እሱ ፊደል አይለይም፤ ብዙም አይናገር። ከከተማው ዳር ባለ ዳቦ መጋገሪያ ወለል ይጠርግና የዳቦ ሳጥን ያመላልስ ነበር፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶት። የሚኮራበት ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ የእጁ ንጽሕና። አገር ቤት ሰው መንገድ ሲሄድ ቁልፉን እሱ ዘንድ ነበር የሚያኖረው። እዚህም ከመጣን በኋላ የጎረቤቱ ሁሉ የቤት ቁልፍ ከበሩ ጀርባ በምስማር ተንጠልጥሎ ይገኛል።

አንድ ሐሙስ ቀን ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ መጣ። ወዲያው ወረድሁ። ባለቤቱ ወጥ እያማሰለች ታለቅሳለች፤ ነርስነት የምትማረው ልጁ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆማለች፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የሥራ አደጋ ቶፌስ፣ ማለትም የሚሞላው ቅጽ፣ ተዘርግቷል።

«የትኛዋ ናት?» አልሁት።

«ሌባ ጣቴ ናት። የመጋዘኑ በር ያዛት።»

«የብረቱ በር?»

«ከጥጥ የተሠራ በር አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። ሕመሙም ቀልዱን አላስጣለውም።

ልጁ ቅጹን አየት አድርጋ «አባ፣ ተወው ለእኔ። ማታ ስመለስ እሞላዋለሁ» አለች።

«እኔ በቁሜ?» አልሁ። «አንቺ ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»

«ጋሼ፣ ነገ ነው የሚፈለገው፤ ማታ ይደርሳል እኮ።»

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ እጽፋለሁ።»

ባልንጀራዬም «ሊቁ እያለልኝ ምን አስጨነቀሽ» አላት። ሊቁ የሚለኝ ለማሾፍ ነው፤ ያን ዕለት ግን የምሩን ነበር። እሷም ትከሻዋን ነቅንቃ ወጣች።

ደብተሬን አመጣሁ፤ መነጽሬን አደረግሁ። ሁለተኛዋ ጣት ብዬ መጻፍ እችል ነበር። እንዲያ ማንም ይጽፋል። እኔ ግን ሐኪም የሚያየው ወረቀት ነው ብዬ የጣቷን ትክክለኛ ስም መጻፍ አማረኝ። ሌባ ጣት የሚል በደብተሬ አልነበረም። ጣት አለ፤ ኤጽባ ይላል። ሌባም አለ፤ ጋናቭ ይላል። ሁለቱን አጋጠምሁና አዲሱን ቃል መጀመሪያ በደብተሬ፣ ቀጥሎም በቅጹ ላይ አሰፈርሁት። ጽሕፈቴ ያምራል፤ ያን ቀን ደግሞ ከወትሮውም አሳመርሁት። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁለት። አልገባውም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። መፈረም ስለማይችል እስክሪብቶውን በግራ እጁ አውራ ጣት ላይ አሸሁና ከጽሑፌ ሥር አሳተምሁት።

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አለኝ። ባለቤቱም ያን ዕለት የሠራችውን ወጥ አቀረበችልኝ። እጅ የሚያስቆረጥም ወጥ ነበር። ጣቴን እየላስሁ በላሁ።

ሰኞ ዕለት ረፋድ ላይ ተመልሶ በሬ ላይ ቆመ። ግባ ብለው አልገባ አለኝ።

«ወረቀቱ ላይ ምንድን ነው የጻፍህልኝ?»

«የሆንኸውን ነዋ። ምነው?»

«ሥራ አስኪያጁ በጣቱ ጠራኝ፤ እንደዚያ እንደምታውቀው አድርጎ። ወረቀቱን አነበበና ጋናቭ፣ ጋናቭ አለኝ። ደጋገመው። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ከዚያ ነገሩ እስኪጣራ ቤትህ ተቀመጥ አለኝ።»

«ምኑ ነው የሚጣራው?»

«ከመጋዘኑ ዘይት በጀሪካን እየጠፋ ነው አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው መጥረጊያዬን ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋናቭ ሌባ ማለት አይደለም እንዴ? እሷን እንኳ አውቃታለሁ።»

ያኔ ነው የገባኝ። እኛ ሌባ ጣት ስንል ውስጡ ሌባ የሚባል ቃል መኖሩን አንሰማም። ልጅ እያለን ከእናታችን የሰማናት የጣት ስም ናት እንጂ ማንም ሌባ ትዝ አይለው። ዕብራይስጥ ግን ያን አያውቅ። በዚያ ባማረ ጽሕፈቴ የጻፍሁት፣ ሥሩም ላይ የእሱን አውራ ጣት ያሳተምሁበት ነገር ቃል በቃል እንዲህ ይል ነበር፦ የሌባው ጣት በመጋዘኑ በር ተያዘ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በዚያች ቅጽበት አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቃል ተሳስቼ ነው» ብል ከሰዓት በኋላውን ሥራው ላይ ይሆን ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ከራሳቸው ፈጥረው ነው» አልሁት። «እኛን ሲያዩ ሌላ ቃል አይመጣላቸውም።»

አመነኝ። ቋንቋውን የማውቅ እኔ ነኛ።

ከወረደ በኋላ ደብተሬን ገለጥሁ። ቃሉ በቦታው ተቀምጧል፤ ሰርዤው ብሆን ምን ነበረበት? በሦስት ደብተር ውስጥ አንድም ስርዝ አልነበረኝም። መልሼ ዘጋሁት።

በማግሥቱ ክበብ ሄጄ ነገሩን አነሣሁ። እንዳይታወቅብኝ ልሸፍነው ፈልጌ እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ ያኔ ግን ለባልንጀራዬ የተሟገትሁ መስሎኝ ነበር። ሌባ ጣቴን ቀስሬ ሥራ አስኪያጁን፣ መጋገሪያውን፣ አገሩን በሙሉ ወቀስሁ። «ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቁልፍ ሲጠብቅ የኖረ ሰው!» አልሁ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። አንዲት ሴት «ተባረክ፣ አንተ ባትኖር ማን ይናገርልን ነበር» አለችኝ። ምርቃቷን ተቀብዬ ወጣሁ።

ባልንጀራዬ ግን ከቤት መውጣት ተወ። በረንዳው ላይ ይቀመጣል፤ ታች ሰው ሲያልፍ ያን የተጠቀለለ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ባለቤቱ ደረጃ ላይ አግኝታኝ «በማንኪያ ስጪኝ ይላል፤ በግራ እጁም ቢሆን መጉረስ ተወ። ከመሶብ ዳር እጁን ማየት አልፈለገም» አለችኝ። ቁልፎቹንም ለየባለቤቶቻቸው አስመለሰ። የኔን ቁልፍ እሷ ነበረች ያመጣችልኝ። በመዳፌ ስታኖረው ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር፤ እንደ ባለ ዕዳ።

ቅዳሜ ጸሎት ቤት አልመጣም። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ እሱ ያወራሉ።

«እጅ ከፍንጅ ተይዞ ነው አሉ።»

«ኧረ ተው! እሱ?»

«እጁ ባይረዝም በሩ ምን አድርጎ ይይዘዋል?»

ሁለቱም በአፍንጫቸው ሳቁ። ቀልድ ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም። ዞሬ አንዲት ቃል ብናገር ዝም ይሉ ነበር። እኔ ግን መጽሐፌን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ጮክ ብዬ አነበብሁ። በዚያ ቤት እንደኔ አጥርቶ የሚያነብ የለም። ያን ቅዳሜ ምን እንዳነበብሁ ግን አላስታውስም።

ለምን ዝም እንዳልሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሰው ሁሉ የሚመካበት አለው። አንዱ በልጆቹ ይመካል፣ አንዱ በጉልበቱ። እኔ ያለኝ ያ በበሬ ላይ የሚሰማ መንኳኳት ነበር። ደብዳቤ የያዘው ሰው ነገ ሌላ በር ያንኳኳል ብዬ ፈራሁ። ለዚያ ብዬ የባልንጀራዬን ስም መንገድ ላይ ጥዬ አለፍሁ። ሌላ ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም።

ዓርብ ጠዋት ልጁ መጣች። በእጇ የቅጹን ቅጂ ይዛለች፤ ከመጋገሪያው ጸሐፊ ዘንድ ሄዳ ነው ያመጣችው።

«ጋሼ፣ ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አልሁ። ጽሕፈቴን ማንም ያውቀዋል።

«ኤጽባ ሼል ሃጋናቭ…» ብላ አነበበችና ሳቋ መጣባት፤ አፏን በእጇ ያዘች። «ሌባ ጣት ለማለት ፈልገው ነው? ወይኔ ጋሼ!» ከዚያ ሳቋ እንደመጣ ጠፋ። ፊቴን አይታ ነው የጠፋው። «ያውቁ ነበር እንዴ?»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

«አባቴ ዐሥር ቀን ሙሉ እንቅልፍ የለውም እኮ! ጣቱ እንዳይመስልዎት። የጣቱን መድኃኒት ሰጥተውታል።»

እጄ ብቻውን ተነሣ። አምስት ጣቴ ተሰብስቦ ወደ ላይ ሆነ፤ ሬጋ፣ ቆይ፣ ታገሺኝ።

«ሬጋ የለም» አለችኝ። «ወይ እኔ እነግረዋለሁ፣ ወይ እርስዎ ይነግሩታል። ዛሬ።»

«መጀመሪያ ሥራ ቦታው ልሂድ» አልኋት። «እዚያ ያበላሸሁትን እዚያ ላቅና። ከዚያ እኔው እነግረዋለሁ። ብቻ… ትክክለኛው ቃል ምንድን ነው?»

«ኤጽባ ሞራ።»

«ሞራ? አስተማሪ?»

«የምታሳይ፣ የምታስተምር ጣት። እንደዚያ ነው የሚሏት።» ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሳትጠይቀኝ ገለጠችው፤ ከቦርሳዋ ቀይ እስክሪብቶ አውጥታ የኔን ቃል ሰረዘችና በላዩ ላይ የነሱን ጻፈችበት። እኛ ሌባ ያልናትን እነሱ መምህር ብለዋታል። ስንት ዓመት እሷኑ ጣት እያወዛወዝሁ ሰው ሳስተምር እንደኖርሁ አሰብሁና እጄን ጠረጴዛ ሥር ደበቅሁት።

በአውቶቡስ ወደ መሀል ከተማ ወረድሁ፤ ከዚያ በሌላ ወደ መጋገሪያው ሄድሁ። ሥራ አስኪያጁ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ያለበት፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ፊቱ ስደርስ ሁሉም ጠፋ። ሌባ ጣቴን አንሥቼ «ይህች በእኛ ቋንቋ ጋናቭ ትባላለች» አልሁት።

«ማን?»

«ጣቷ። ስሟ ነው። ሁሉም ሰው አለችው። አንተም አለችህ።»

የራሱን ጣት አነሣና አያት። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ ተቆጣጣሪውን ጠርቶ አሳየው። «እና እናንተ በየትኛዋ ነው የምትሰርቁት?» አለኝ። እኔ ሳልስቅ ስቀር እሱም ሳቁን አቆመ።

«እኔ ሌባ አላልሁትም» አለ። «ወረቀቱ ነው ያለው። የሌባው ጣት ይላል፤ ስለዚህ ሌባው ማነው ብዬ ጠየቅሁት። ሰውየው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዝም አለኝ። ምን ልበል ታዲያ?»

እኛ ከበላያችን ያለ ሰው ፊት ዓይናችንን የምናቀረቅረው ለአክብሮት እንደሆነ ነገርሁት። ይህንንም ቀደም ብሎ ሊነግረው የሚገባ ሰው ቢኖር እኔ ነበርሁ።

«ማነው የጻፈው?» አለኝ።

«እኔ» አልሁ። «እሱ ማንበብ አይችልም።»

እስክሪብቶ ሰጠኝ። ስርዙን ራሴ ሠርቼ ከላዩ ኤጽባ ሞራ ብዬ ጻፍሁ። ያ የምኮራበት ጽሕፈቴ እንደ ጀማሪ ልጅ ጽሕፈት ተንጋዶ ወጣ። «እሑድ የሳምንቱ ሥራ ሲጀመር ይምጣ» አለኝ፤ «ጣቱ እስኪድን ቀላል ሥራ እሰጠዋለሁ።»

ቀትር ላይ ተመልሼ በባልንጀራዬ በረንዳ ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ። ልጁ ቃሏን ጠብቃ ምንም አልነገረችውም። ባለቤቱ ከውስጥ ምሳ ታሰናዳለች።

«እሑድ ሥራ ትገባለህ» አልሁት።

«ማን አለ?»

ሁሉንም ነገርሁት። ስለ ደብተሩ፣ ስለ ቃሉ፣ ወረቀቱ ምን ይል እንደነበር ነገርሁት። እጁን ከኪሱ አወጣና ያችን የተጠቀለለች ጣቱን አገላብጦ ተመለከታት።

«ሌባ ጣቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን ገና ዛሬ እንደሰማው ሁሉ። «ለካ ሌባ ናት።» ባለቤቱ ከውስጥ ሳቀች። እሱም ሊስቅ ከንፈሩ ሸሸት ብሎ ነበር፤ መልሶ ገጠመው።

«በርህ ላይ ቆሜ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ያን ዕለት?»

«ያን ዕለት።»

«እስከ ዛሬ ስንት ቀን ሆነ?»

ፊደል ባያውቅም ቆጠራ አይስትም፤ ከእኔ አፍ ሊሰማው ፈልጎ ነው። ሦስት ደብተር ቃል ያለኝ ሰው በሁለቱም ቋንቋ አንድ ቃል አጣሁ። ሁለት እጆቼን አነሣሁ። ዐሥሩን ጣቶቼን ዘረጋሁ። አልበቁም። አጠፍኋቸውና አንዲቷን ደግሜ አነሣሁ። ሳልመርጣት ራሷ ነበረች የተነሣችው፤ ሌባ ጣቴ።

አያት። ከዚያ በዚያ በተጠቀለለ እጁ ያዝ አድርጎ ወደ መዳፌ አጠፋት። ሳያመው አልቀረም።

ባለቤቱ እንጀራውን ይዛ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች። «ይበቃል እንግዲህ» አለችው፤ «ጣት ገማ ተብሎ ተቆርጦ አይጣልም።»

«አይጣልም» አላት፤ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሣ። «ግን እስኪታጠብ አይጎረስበትም።»

ተነሥቼ ወደ መታጠቢያው ሄድሁ። ውኃው እስኪሞቅ አልጠበቅሁም።